«ሰው» ወይስ «ወንድ»? የጥቁር ሕዝብ ድርሰትና ዘፈን ለንቀት የሰጡት መልስ

አባቶቻችን «ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» ሲሉ የሚያስቡት ሰው ከሞተ በኋላ ስለሚቀርለት ዝና ነው። ዳሩ ግን ስም ከመቃብር በፊትም ትልቅ ሥራ አለው። ሰው በጎረቤቱ፥ በአለቃውና በዳኛው ዘንድ ያለው ክብር የሚታወቀው በምን ስም እንደሚጠራ ሲሰማ ነው። በእኛ አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። «አንተ»፥ «አንቱ»ና «እርስዎ» በሚባሉት ሦስት ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ሽበት ያለውን ሰው በአደባባይ «አንተ» ብሎ የጠራ ጐረምሳ ዱላ ሳያነሣ እንደ መታው ይቈጠራል።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን ቀጥሎ የምንናገረውን በቀላሉ ይረዱታል ብለን እናምናለን። ኤውሮፓውያን አፍሪቃን በገዙበት ዘመን ከጥቁሩ ሰው የወሰዱት መሬቱንና ጕልበቱን ብቻ አልነበረም፤ የሚጠራበትን ስም ጭምር ወሰዱበት፤ ዐዋቂውን ሰው «ልጅ» አሉት። ይኸው ስድብ ከአትላንቲክ ማዶ፥ በባርነት ወደ አሜሪካ በተወሰዱት ሰዎች ዘር ላይም ይነገር ነበር። የአፍሪቃ ደራሲዎችና የጥቁር ሕዝብ ዘፋኞች ለዚህ ስድብ መልስ ሰጥተዋል። መልሱ ምን እንደ ነበረ፥ ማንን ከፍ እንዳደረገና ማንን ደግሞ እንደ ዘነጋ በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እንግሊዞች «ቦይ» የሚሉት ቃል ትርጓሜው ወንድ ልጅ፥ ብላቴና ማለት ነው። በእኛ ታሪክ «ልጅ» የሚለው ቃል የመኳንንት ልጆች የክብር መጠሪያ ሆኖ ኖሯል፤ በቅኝ ገዢው አፍ ግን የማዕርግ ሳይሆን የውርደት ስም ሆነ። በኬንያ፥ በሮዴዥያና በደቡብ አፍሪቃ ምግብ የሚያበስለው፥ አትክልት የሚኰተኵተው፥ ልብስ የሚያጥበው ሰው የልጅ ልጅ ያየ ቢሆን እንኳ «ቦይ» ይባል ነበር። ፈረንሳዮችም ይህንኑ የእንግሊዝኛ ቃል ተውሰው በአፍሪቃ ግዛቶቻቸው የቤት አሽከሮቻቸውን ይጠሩበት ነበር። በደቡብ አፍሪቃ የወርቅ ጕድጓዶች ውስጥ ደግሞ የጥቁር ሠራተኞችን ጓድ የሚመራው ሰው «ቦስ ቦይ» ይባል ነበር። «አለቃ»ና «ልጅ» የሚሉት ሁለት ቃላት በአንድ ማዕርግ ተጋጠሙ፤ ሰውዬው በወገኖቹ ላይ አለቃ፥ በነጩ ፊት ግን ልጅ ነው ማለት ነው።

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ጥቁሩ ሰው ጐልማሳ ሳለ «ቦይ»፥ ሲያረጅ «አጎቴ» ይባላል እንጂ «አቶ» ተብሎ አይጠራም። የባቡር መኝታ ሠረገላዎች ባለቤት ጆርጅ ፑልማን ይባል ስለ ነበር፥ በሠረገላዎቹ ውስጥ የሚያገለግሉትን ጥቁሮች መንገደኞቹ «ጆርጅ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ እንደ ነበረበት እንደ ቀድሞው ልማድ መሆኑ ነው። እነዚህ ሠራተኞች በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር ያቋቋሙት ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ስለ ክብራቸውም ጭምር ነበር።

ይህ አጠራር የአፍ ብልግና ብቻ አልነበረም፤ የአስተዳደርና የገንዘብ ምክንያት ነበረው። ልጅ በሕግ ፊት ሞግዚት ያስፈልገዋል፤ ርስት አይሸጥም፥ ውል አይዋዋልም፥ ድምፅ አይሰጥም። ሕዝብን በሙሉ ልጅ ያለ መንግሥት ራሱን ሞግዚት አድርጎ መሾሙ ነው። ደመወዙም በዚሁ ስም ልክ ተተመነ። በደቡብ አፍሪቃ ጥቁሩ ገበሬ ግብሩን በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍል ይገደድ ነበር፤ በ1913 የወጣው የመሬት ሕግም ለብዙኃኑ ጥቁር ሕዝብ ከአገሩ መሬት ከመቶ ሰባት ያህሉን ብቻ ከለለለት። ስለዚህ ገበሬው ቤቱን ትቶ ወደ ማዕድን ሥፍራ ሄደ። በዚያም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እንዳይኖር ተከልክሎ በወንዶች ሰፈር ያድር ነበር። ደመወዙ ለአንድ ራሱ ብቻ እንዲበቃ ሆኖ ይቈረጥ ነበር፤ ቤተ ሰቡንስ የሚስቱ እርሻ ይመግበዋል ተብሎ ይታሰብ ነበርና። እንግዲህ ቤቱን የማያስተዳድር፥ ልጆቹን የማያሳድግ፥ ከሚስቱ ጋር የማይኖር ዐዋቂ ሰው ተፈጠረ፤ ከዚያም «ይህማ ልጅ ነው» ተባለ። ስሙ ኑሮውን አስከተለ፥ ኑሮውም ስሙን አጸናው።

ከአፍሪቃ ደራሲዎች መካከል ይህን ስም የመጽሐፉ ርእስ እስከ ማድረግ የደረሰ ሰው የካሜሩኑ ፈርዲናንድ ኦዮኖ ነው። በ1956 በፈረንሳይኛ ያሳተመው ልብ ወለድ ታሪክ ርእሱ በአማርኛ ሲመለስ «የቦይ ሕይወት» ይሆናል። ታሪኩ ቱንዲ የሚባል ወጣት የጻፈው የዕለት ማስታወሻ ሆኖ ቀርቧል። ቱንዲ በአገሩ ልማድ ከልጅነት ወደ ወንድነት የሚሸጋገርበት ሥርዐት ሊፈጸምለት ሲል ከአባቱ ቍጣ ሸሽቶ ወደ ነጩ ቄስ ቤት ይገባል። ቄሱ ሲሞቱ የአውራጃው ገዢ አሽከር ይሆናል። በአባቶቹ ሥርዐት ወንድ ሳይባል ቀርቷል፤ በነጮቹ ቤት ደግሞ መቼም ከ«ቦይ»ነት አይወጣም፤ ሙሉ ሰው ሆኖ የሚገባበት በር በሁለቱም ወገን ተዘግቶበታል።

አንድ ቀን ገዢው ገላውን ሲታጠብ ያልተገረዘ መሆኑን ቱንዲ ያያል። በእርሱ አገር ያልተገረዘ ሰው እንደ ሙሉ ወንድ ስለማይቈጠር፥ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የገዢው ፍርሃት ይለቀዋል። ነገር ግን ፍርሃት ለቀቀው ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ቱንዲ የጌቶቹን የቤት ገመና ሁሉ፥ የገዢውን ሚስት ምስጢር ጭምር ያወቀ በመሆኑ ማየቱ ራሱ ወንጀል ሆኖበት፥ እጁ በሌለበት ስርቆት ተጠርጥሮ ይታሰራል፤ ይደበደባል፤ አምልጦም በእስፓኝ ጊኒ ይሞታል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ገዢው አሽከሩን «ልጅ» ያለው በእርግጥ ልጅ ስለ መሰለው አልነበረም። አሽከሩ እንደ ዐዋቂ ማየትና መፍረድ የቻለ ጊዜ የመጣው ቅጣት፥ ገዢው የሚፈራው ምን እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ኦዮኖ ከመጻፉ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1946፥ የደቡብ አፍሪቃው ደራሲ ፒተር አብርሃምስ በእንግሊዝኛ ያሳተመው ልብ ወለድም በርእሱ ላይ ይህንኑ ስም ይዟል፤ «የማዕድን ቦይ» እንበለው። ባለ ታሪኩ ዙማ ከሰሜን በኩል ሥራ ፍለጋ ወደ ጆሃንስበርግ የመጣ ብርቱ ጐልማሳ ነው። በጕድጓዱ ውስጥ «ቦስ ቦይ» ሆኖ ይሾማል። በመጨረሻ ጕድጓዱ ተደርምሶ ጓደኞቹ ሲሞቱ፥ ቦታው ሳይጠገን ሰዎቹን ይዞ አልወርድም ይላል። «አልወርድም» ያለበት ሰዓት «ቦይ» መሆኑ ያበቃበት ሰዓት ነው። ደራሲው በታሪኩ ውስጥ ለዙማ የሚያቀርብለት ምክር፥ አስቀድሞ እንደ ሰው፥ ከዚያ በኋላ እንደ ጥቁር ሰው እንዲያስብ ነው። ይህን ምክር አንባቢ እንዲይዘው እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

መጽሐፉ በታተመበት በዚያው ዓመት፥ በነሐሴ 1946፥ ከ60,000 የሚበልጡ ጥቁር የማዕድን ሠራተኞች በቀን 10 ሺሊንግ ይከፈለን ብለው ሥራ አቆሙ። ፖሊሶች በኀይል ወደ ጕድጓዱ መለሷቸው፤ ቢያንስ 9 ሰዎች ሞቱ፤ እንቢታውም በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሰበረ። ልብ ወለዱ ያየውን ነገር ታሪክ ወዲያው በደም ጻፈው።

ድርሰት የሚያነበው ፊደል የቈጠረ ነው፤ ዘፈን ግን ጕድጓድ ውስጥም ይገባል። በማዕድንና በፋብሪካ ሰፈሮች ያድሩ የነበሩት የዙሉ ተወላጆች «ኢሲካታሚያ» የተባለውን የዘፈን ዐይነት አሳደጉ። ያለ መሣሪያ፥ በወንዶች ድምፅ ብቻ የሚዘፈን ነው። እግር መሬት አይመታም፤ ድመት እንደምትራመድ በቀስታ ይነሣል፥ በቀስታ ይቀመጣል። ውድድሩ ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እስኪነጋ ይቈያል። ተወዳዳሪዎቹም የተተኰሰ ሙሉ ልብስ ለብሰው፥ ጫማቸውን አሳምረው ይቀርባሉ። ሰኞ ሲነጋ «ቦይ» የሚባለው ሰው ቅዳሜ ሌሊት ጌታ ሆኖ ያድራል። ክብሩን የገለጠው በፉከራና በድንፋታ ሳይሆን በለሰለሰ ድምፅና በተመጠነ እርምጃ መሆኑን ልብ እንበል።

ከእነዚህ ዘፋኞች አንዱ ሰሎሞን ሊንዳ በ1939 «ምቡቤ» ማለት «አንበሳ» የተባለውን ዘፈን በሸክላ አስቀረጸ። ሸክላው በአገሩ ወደ 100,000 ተሸጠ፤ በ1961 ደግሞ በአሜሪካ ቃሉ ተለውጦ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ሊንዳ ግን መብቱን በጥቂት ሺሊንግ አሳልፎ ሰጥቶ ስለ ነበር በ1962 በድህነት ሞተ። ልጆቹ በስምምነት ገንዘብ ያገኙት በ2006 ነው። «ልጅ» የተባለ ሰው የገዛ ድምፁ ባለቤት ለመሆን እንኳ እንደሚቸገር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

የደቡብ አፍሪቃው ገበሬ ወደ ጆሃንስበርግ እንደ ተሰደደ፥ የአሜሪካ ደቡብ ጥቁር ገበሬም ወደ ሰሜን ከተሞች ተሰዷል። ከ1910 ገደማ ጀምሮ እስከ 1970 ድረስ 6 ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ከጥጥ እርሻ ወደ ቺካጎ፥ ወደ ዲትሮይት፥ ወደ ኒው ዮርክና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደዋል። ከእነዚህ መካከል በሚሲሲፒ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ የነበረው መዲ ዋተርስ በ1943 ቺካጎ ገባ። ከዚያ አገር ያመጣውን «ብሉዝ» የተባለውን የእንጕርጕሮ ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታር አጠነከረው። በ1955 የቀረጸው ዝነኛ ዘፈን ርእሱ «ወንድ ወንድ የሚል ብላቴና» እንደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ቦ ዲድሊ የተባለው ዘፋኝ ባወጣው ተመሳሳይ ዘፈን ላይ የተሰጠ መልስ ነበር። ሁለቱም ዘፈኖች «ወንድ ነኝ» እያሉ ይፎክራሉ፤ ፉከራውም ባመዛኙ በሴቶች ዘንድ ስላላቸው ተወዳጅነት ነው።

ይህን ለመፍረድ የማይቸኵል አድማጭ ከፉከራው በስተ ጀርባ ሌላ ነገር ይሰማል። ዘፋኙ በተወለደበት አገር ጥቁር ሰው ይህን ቃል በነጭ ፊት በመንገድ ላይ ቢናገር ሕይወቱን ያጣ ነበር። በዚያው በ1955 በነሐሴ ወር ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት የቺካጎ ልጅ ዘመዶቹን ለመጠየቅ ወደ ሚሲሲፒ ሄዶ ሳለ፥ አንዲትን ነጭ ሴት ደፍሮ ተናግሯል ተብሎ በነጮች እጅ ተገደለ። የተከሰሱትን ሁለቱን ሰዎች ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የፍርድ ሸንጎ ነጻ ለቀቃቸው፤ ቈይቶም እነርሱ ራሳቸው መግደላቸውን ለጋዜጠኛ ተናገሩ። ዐዋቂውን «ልጅ» ይል የነበረው ሥርዐት፥ ልጁን ደግሞ እንደ ዐዋቂ ገደለው። እንግዲህ «ወንድ ነኝ» የሚለው ዘፈን በጭፈራ ቤት የተነገረው በመንገድ ላይ ሊነገር ስላልቻለ ነው። በሴት ላይ የተፎከረውም በጌታው ላይ መፎከር ስላልተቻለ ይሆናል። ምክንያቱን መረዳት ግን ዕዳውን መሰረዝ አይደለም፤ ሴቲቱ ምን አደረገች?

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ልንመረምር ይገባናል። በእንግሊዝኛ «ማን» የሚለው ቃል ሰውንም ወንድንም ያመለክታል። በፈረንሳይኛም «ኦም» የሚለው ቃል እንዲሁ ነው። በአማርኛ ግን «ሰው» ሌላ፥ «ወንድ» ሌላ ነው። ስለዚህ የጥቁር ሕዝብን ድርሰትና ታሪክ ወደ ቋንቋችን የሚመልስ ሰው፥ ጸሐፊው ሳይመርጥ ያለፈውን ነገር የግድ መምረጥ አለበት።

በ1787 እንግሊዛዊው የሸክላ ዕቃ ሠሪ ጆሳያ ዌጅዉድ የባሪያ ንግድን ለሚቃወሙት ሰዎች ያሠራው ሜዳይ ላይ፥ በሰንሰለት የታሰረ ጥቁር ተንበርክኮ «ማን»ና ወንድም አይደለሁምን? ብሎ ሲጠይቅ ይታያል። ከ181 ዓመት በኋላ የመልስ ጊዜ ሆነ። በ1968 በየካቲት ወር በሜምፊስ ከተማ ሁለት ጥቁር የቈሻሻ ሠራተኞች ከዝናብ ለመጠለል በመኪናው ውስጥ ቆመው ሳሉ መጨፍለቂያው ይዞ ገደላቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ 1,300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ደመወዛቸው ቤተ ሰብ ስለማያስተዳድር ብዙዎቹ ሙሉ ቀን እየሠሩም የመንግሥት ርዳታ የሚገባቸው ድኾች ነበሩ። በአንገታቸው አንጠልጥለው በከተማው የዞሩበት ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ነበር፤ እኔ «ማን» ነኝ የሚል ነው። የሜዳዩ ሰው ተንበርክኮ ጠየቀ፤ የሜምፊስ ሰዎች ቆመው ተናገሩ። ሊረዷቸው የመጡት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን በዚያው ከተማ ተገደሉ። ከተማውም በወሩ 16ኛ ቀን ከሠራተኞቹ ጋር ተስማማ።

ይህን ሰሌዳ በአማርኛ ምን ብለን እንጻፈው? «ወንድ ነኝ» ብንል ትክክል ነው፤ ዘመኑን ሙሉ «ቦይ» ለተባለና ልጆቹን ለማብላት ለተቸገረ አባት ተገቢ መልስ ነውና። «ሰው ነኝ» ብንልም ትክክል ነው፤ ከቈሻሻ ጋር አብሮ ለሚጨፈለቅ ፍጡር የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነውና። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን አንዱን ብቻ የሚይዝ ሰሌዳ ቢሰጠን «ሰው ነኝ» የሚለውን እንመርጣለን። ምክንያቱም በ«ወንድ ነኝ» ውስጥ ሚስቱ የለችም፤ በ«ሰው ነኝ» ውስጥ ግን ሁለቱም አሉ።

ሚስቱ ያልተሰደበች የሚመስለው ቢኖር የሚከተለውን ይስማ። በ1963 በአላባማ፥ ጋድስደን በተባለች ከተማ ፍርድ ቤት፥ ሜሪ ሃሚልተን የተባለች ጥቁር የመብት ታጋይ ቃሏን እንድትሰጥ ቀረበች። ነጮቹን ሴቶች «ወይዘሪት» ወይም «ወይዘሮ» እያለ በአባት ስም የሚጠራው ዐቃቤ ሕግ እርሷን «ሜሪ» ብሎ ጠራት። እርሷም በሚገባ ካልተጠራሁ አልመልስም አለች። ዳኛው 50 ዶላር መቀጮና 5 ቀን እስራት ፈረደባት። በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ፍርድ ሻረው። «ቦይ» ለተባለው ሰው መልስ የሰጡ ብዙ ናቸው፤ እኅቱ ግን በራሷ አፍ መመለስ ነበረባት።

በሙዚቃም የሆነው ይኸው ነው። ኦቲስ ሬዲንግ በ1965 ራሱ ደርሶ የዘፈነው «ክብር» የተባለው ዘፈን ውስጥ የሚናገረው ሥራ ውሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ባል ነው፤ በቤቱ እንዲከበር ይጠይቃል። በ1967 አሬታ ፍራንክሊን ያንኑ ዘፈን ወስዳ፥ ተናጋሪዋን ሴት አደረገቻት። ዜማውን አላፈረሰችውም፤ ክብር የሚጠይቀውን ሰው ግን ለወጠች። ያ ዘፈን የጥቁር ሕዝብና የሴቶች ሁሉ መዝሙር ሆኖ የቀረው በእርሷ ድምፅ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ የወንድ መመካት ሁሉ ቅኝ ገዢው ያመጣው በሽታ ነው» ይላሉ። የናይጄሪያው ደራሲ ቺኑዋ አቸቤ ግን ነገሩን እንዲህ በቀላሉ አላለፈውም። በ1958 በታተመውና ርእሱ «ሁሉም ሲፈራርስ» ተብሎ ሊመለስ በሚችለው ልብ ወለዱ፥ ኦኮንክዎ የተባለው ጀግና ነጩ ሰው ከመምጣቱ በፊት ራሱ በፍርሃት የተያዘ ሰው ነው። ፍርሃቱ አባቱን እንዳይመስል ነው። አባቱ ኡኖካ ዋሽንት የሚወድ፥ ዕዳ ያለበት፥ ማዕርግ የሌለው ሰው ነበር። በኢቦ ቋንቋ ለሴት የተሰጠው አንድ ቃል ማዕርግ የሌለውን ወንድም ያመለክታል፤ ልጁ ይህን ስም በልጅነቱ በአባቱ ላይ ሲነገር ሰምቶ እድሜውን ሙሉ ከእርሱ ይሸሻል። «አባባ» ብሎ የሚጠራውን ኢኬሜፉና የተባለውን ብላቴና በመንጋ ሲገድሉት፥ ደካማ እንዳይባል ብሎ በገዛ እጁ ይመታዋል። የአባቱን ዋሽንት የናቀ ሰው፥ ልጁ ንዎዬ ደግሞ በሚሲዮናውያን መዝሙር ተማርኮ ከቤት ሲወጣበት ያያል። በቤቱ ያዘጋው ዜማ ከጠላቱ ዘንድ መጣበት።

አቸቤ ይህን ሲጽፍ ለቅኝ ገዢው መመስከሩ አልነበረም። የነጩ ገዢ ስድስቱን የአገር ሽማግሌዎች በማታለል አስሮ፥ ጭንቅላታቸው ሲላጭ፥ ሲገረፉና ሕዝቡ መቀጮ ሲከፍል አሳይቷል፤ ገዢው 200 ከረጢት ዛጎል ሲቀጣ መልእክተኞቹ ለራሳቸው ጨምረው 250 ብለው አስታወቁ። የደራሲው ትምህርት፥ በውስጡ የተሰነጠቀ ማድጋ በውጭ በትር ፈጥኖ ይሰበራል የሚል ይመስለናል። ኦኮንክዎ ተሰዶ በእናቱ አገር በኖረባቸው 7 ዓመታት አጎቱ ኡቼንዱ የእናትን ታላቅነት አስተምሮት ነበር፤ እርሱ ግን ትምህርቱን አልተቀበለም። ጀግናው የወደቀው በነጩ ኀይል ብቻ ሳይሆን፥ ወንድነትን ያለ ርኅራኄ ስለ ያዘውም ጭምር ነው።

የአገሩ ልጅ ቡቺ ኤሜቼታ በ1979 «የእናትነት ደስታ» በተባለው ልብ ወለዷ ነገሩን ከሴቲቱ ወገን አየችው። ንኑ ኤጎ ወደ ሌጎስ የምትዳረው ናይፌ ለተባለ ሰው ነው፤ ናይፌ የነጮች ልብስ አጣቢ ነው። የእንግሊዛዊቱን እመቤት የውስጥ ልብስ የሚያጥብ ባል በማግኘቷ ታፍራለች። ነገር ግን ናይፌ በጌቶቹ ቤት ያጣውን ጌትነት በገዛ ቤቱ ሊያገኘው ይፈልጋል። ከውጭ የመጣው ውርደት በቤት ውስጥ ትእዛዝ ሆኖ ይወርዳል፤ ከሁሉ በታች ያለችውም እርሷ ትሆናለች።

ከመጽሐፍ ወጥተን ወደ እውነተኛ ሕይወት ብንመጣም ይኸው ነገር ይገጥመናል። የናይጄሪያው ሙዚቀኛ ፌላ ኩቲ በ1973 «ጀንትልማን» በተባለው ዘፈኑ በሙቀት አገር ሱፍና ክራባት ደርቦ ነጩን የሚመስለውን አፍሪቃዊ ተሳለቀበት። ይህ ለቅኝ አገዛዝ የተሰጠ ብርቱ መልስ ነው። ከዚያ በፊት በ1972 ባወጣው «ሌዲ» በተባለው ዘፈኑ ግን ከወንድ እኩል ነኝ የምትለውን ዘመናዊ ሴት ተሳልቆባታል። የሚገርመው፥ እናቱ ፉንሚላዮ ራንሶም ኩቲ በአቤኦኩታ በሺሕ የሚቈጠሩ ሴቶችን አሰልፈው በሴቶች ላይ የተጣለውን ግብር የተቃወሙ ሴት ነበሩ፤ ትግላቸውም የከተማውን ንጉሥ አላኬን በ1949 ከዙፋን አስወርዷል። በየካቲት 1977 ወታደሮች የፌላን ግቢ ሲያቃጥሉ እናቱን ከፎቅ ወረወሯቸው፤ በዓመቱም ሞቱ። ልጅየው ያለ ፍርሃት ባለ ሥልጣንን መናገር ከማን እንደ ተማረ አያጠራጥርም። እኩልነት ከነጭ የተቀዳ ልማድ ነው ብሎ የዘፈነ ሰው፥ በገዛ ቤቱ ከነጭ ገዢ ጋር የታገለች እናት ነበረችው።

ምናልባት «የተገፋ ሕዝብ አስቀድሞ ጌታውን ይጣል፤ የወንድና የሴት ነገር ኋላ ይደርሳል» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህን አሳብ አንንቀውም፤ ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው ወለሉን አይጠርግም። ነገር ግን ታሪኩ ራሱ አይደግፈውም። በነሐሴ 9 ቀን 1956 ወደ 20,000 የሚሆኑ የደቡብ አፍሪቃ ሴቶች የይለፍ ወረቀት አንይዝም ብለው በፕሪቶሪያ የመንግሥት ሕንጻ ፊት ሲቆሙ፥ ወንዶቹ ነጻ እስኪወጡ አልጠበቁም። ከዚህም በላይ፥ ሰውን ከበታቹ በሚረግጠው ሰው ቍጥር የሚመዝን ሚዛን የቅኝ ገዢው ሚዛን ነው። ገዢው ሲሄድ ሚዛኑ ከቀረ፥ የተለወጠው ሚዛኑን የሚይዘው እጅ ብቻ ነው።

እኛ በቋንቋችን ሁለት ቃል ስላለን ከዚህ ነገር ነጻ ነን አንበል። ጀግናን ስናመሰግን «ወንዳታ!» እንላለን፤ ፈሪን ስንሰድብ «ሴት» እንላለን። «ሰው» የሚለው ቃል አለን ማለት እንጠቀምበታለን ማለት አይደለም። ስለዚህ እነዚህን ድርሰቶች ለተማሪዎች የሚያስረዱ መምህራን፥ «ማን» የሚለው ቃል ሲገጥማቸው ፈጥነው ሳያልፉ ቆም ብለው፥ ደራሲው ወንድን ነው ወይስ ሰውን? ብለው ተማሪዎቻቸውን ቢጠይቁ፥ ከሰዋስው የሚበልጥ ትምህርት ይሰጣሉ። ፒተር አብርሃምስ ለዙማ ያቀረበለትን ምክር ያስታውሷል፤ አስቀድሞ ሰው።

ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞችም ከዚህ ታሪክ የሚተርፍ ነገር አለ። ቅኝ ገዢው ሕዝብን «ልጅ» ያደረገው በጦር ብቻ ሳይሆን በየቀኑ፥ በየጠረጴዛው፥ በየመስኮቱ በሚነገር አጠራር ነበር። ባለ ጉዳይ ሆኖ ከፊታችን የሚቆመውን ገበሬ፥ ወረቀት የምታመጣውን መበለት፥ ደጁን የሚጠብቀውን ዘበኛ በምን ስም እንደምንጠራ እንመርምር። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ይባላል፤ «ለሰው መድኃኒቱ ወንድ ነው» ግን ከቶ አልተባለም። የሜምፊስ ሠራተኞች በሰሌዳ ጽፈው በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን ቃል፥ ወደ ቢሯችን የሚመጣ ማንም ሰው ጽፎ መምጣት እንዳያስፈልገው ማድረግ በእጃችን ነው።